ጉድጓዱ ውሃ አወጣ፣ አሁን አንቺ ነይልኝ

እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? ልጁስ? አዎ፣ አራስ ልጠይቅሽ አልመጣሁም። ገንፎሽንም አልቀመስኩም። ከዚያ በኋላ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ ስልክ ማንሳቱ እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ የፈለግሽውን ያህል ትቆጪኛለሽ። ለዛሬ ግን ቁጣሽን አቆዪልኝና ስሚኝ።

ጉድጓድ አስቆፈርኩ!

እማዬ ጓሮ፣ ያ የባሕር ዛፍ ጉቶ የነበረበት ቦታ ላይ። 12 ሜትር ላይ ውሃ ተገኘ። ቆፋሪው ከታች ሆኖ "ረጥቧል!" ብሎ ሲጮህ እማዬ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ። ላንቺ ነው የምነግርሽ፣ ለሌላ ሰው አላወራሁትም። ውሃው ለሁለት ቀን ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠራ። አሁን ጠዋት ጠዋት ወጥቼ ክዳኑን እያነሳሁ አየዋለሁ።

ለምን እንዳስቆፈርኩ ላንቺ ማስረዳት የለብኝም። የአቃቂን ወንዝ ታውቂዋለሽ። እኛ ልጆች ሆነን ይሸት ነበር፤ አሁን ብሶበታል። የከተማው ፍሳሽ፣ የፋብሪካው፣ የቆዳ ፋብሪካው፣ ሁሉም በእኛ በኩል አልፎ ነው አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚገባው፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ሐይቁን እምቦጭ እንዴት እንደወረሰው አይተሻል። በዚህ ውሃ ነው ቆስጣውም፣ ሰላጣውም፣ ካሮቱም የሚበቅለው። አዲስ አበባ ከምትበላው ቅጠላ ቅጠል ብዙው ከእንዲህ ያለ የወንዝ ዳር ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ሳውቀው ኖሬአለሁ። የቀሰቀሰኝ ልጄ ናት። አንድ ቀን ከመደቡ ካሮት ነቀለች፣ ቀሚሷ ላይ ጠረገችና መብላት ጀመረች። ልክ እኔና አንቺ እንደምናደርገው። ከእጇ ቀማኋት። አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ ግን ላስረዳት አልቻልኩም።

የመስኖ ተማሪ ሳለሽ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ ጥሬውን የሚበላ አትክልት የሚጠጣው ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1000 የሰገራ ባክቴሪያ በላይ አይኑርበት ይላል ብለሽኝ ነበር። የእኛ ወንዝ ከዚያ በእጅጉ ያለፈ ነው። ባክቴሪያው እንኳ በደንብ ሲታጠብ ይቀንሳል፣ ሲበስል ይሞታል። ከፋብሪካ የሚመጣው ክሮሚየምና ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ግን በሥር ገብቶ ተክሉ ውስጥ ይቀመጣል። የቱንም ያህል ብታጥቢው አይወጣም።

እና እዚህ ሰዉ ሁሉ "ጠብታ መስኖ አስገቢ" ይለኛል። ሻጩም፣ ባለሙያውም፣ የባለቤቴ ወንድምም። ጠብታ ካስገባሽ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ይሉኛል። እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። የወንዙን ውሃ በጠብታ ባጠጣ ቅጠሉ አይረጥብም። ይህ ጥሩ ነው፤ በባልዲ ከመድፋትና በርጭት ቅጠሉን ከማጠብ በብዙ ይሻላል። ሥሩ የሚጠጣው ግን ያንኑ ውሃ ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ውሃውን መለወጥ ነው። ጠብታ የሚጠቅመኝ ትንሿ ንጹህ ውሃ እንድትበቃኝ ስለሚያደርግ ነው። ወንዙ ስለማያልቅብን በቦይ እንለቀዋለን፣ የፈሰሰው ይፈስሳል። ጉድጓድ ላይ እንዲህ ማድረግ አይቻልም።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። እርሻችን 1000 ካሬ ነው። በበጋ አትክልት በቀን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል ካልን፣ በካሬ 5 ሊትር ማለት ነው። ለሁሉም 5000 ሊትር፣ 25 በርሜል። በቦይ ከለቀቅነው ውሃ ውስጥ ተክሉ የሚያገኘው ከመቶ 60 ያህሉን ነው፤ ስለዚህ ከ8300 ሊትር በላይ ማውጣት አለብኝ። በጠብታ ከመቶ 90 ይደርሳል፤ ከ5500 ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ይበቃኛል። ልዩነቱ በየቀኑ 14 በርሜል ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ነው ጉድጓዱ ይበቃል ወይ አይበቃም የሚለውን የሚወስነው።

ደግሞ አፈራችን ዋልካ ነው። በበጋ ሲደርቅ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። በቦይ ስትለቂበት የመጀመሪያው ውሃ በስንጥቁ ወርዶ ይቀራል። ከዚያ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይደፈናል፤ በኋላ የሚመጣው ውሃ መግቢያ አጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል። የቦዩ መጀመሪያ ላይ ያለው ጎመን ሥሩ አየር አጥቶ ቢጫ ይሆናል፣ ጫፍ ላይ ያለው ይጠማል። አባዬ ዕድሜ ልኩን ከዚህ ጋር ሲታገል ነው የኖረው።

አሁን አንድ መደብ ላይ እየሞከርኩ ነው። በርሜሉን ሜትር በሚሆን ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ጎማ በጥቅል ጎመኑ ሥር ዘረጋሁ። ውሃው በሰዓት ሊትር፣ ሁለት ሊትር እየሆነ ይንጠባጠባል። ዋልካው ቀስ ብሎ ሲሰጡት ይጠጣል ለካ! እርጥበቱ ወደ ጎን ሰፍቶ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ራቅ ራቅ ማድረግ የሚቻል ይመስለኛል። በመደቦቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ደረቅ ስለሆነ አረሙ ቀንሷል። እማዬ ጎንበስ ብላ ማረሙ ስለቀረላት ብቻ ደስ ብሏታል። ቀዳዳው ግን ይደፈናል። ቀጭን አፈር ይገባበታል። በነጠላ ጨርቅ እያጠለልኩ ነው። "በነጠላ?" ብለሽ ስትጮሂ ይሰማኛል። እሺ፣ ደህና ማጣሪያ ምረጪልኝ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። እንዴት እንደምጽፈው እንጃ።

በግራ በኩል ያሉትን እትዬን ታውቂያቸዋለሽ። ካሮት እያጠቡ የሚሰጡንን። እስከ ዛሬ ከወንዙ በሞተር እየሳቡ ያጠጣሉ። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ቆስጣ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር መጥተው መረቁኝ። ከዚያ "የወንዙ ውሃ ምን አደረገሽ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበላቸው? ውሃው መርዝ አለው ብል ነገ ነጋዴዎቹ ከእኛ መንደር አንገዛም ይላሉ። የሚራቡት እሳቸው ናቸው እንጂ ፍሳሹን የለቀቀው አይደለም። ዝም ብል ደግሞ ቆስጣውን የሚበላው ልጅ የሰው ልጅ ነው። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ላንቺ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ያሰብኩት ይህን ነው። ጉድጓዱ ከበቃ ውሃውን ለእትዬም ላካፍላቸው። ከእኔ ሮቶ ወደ እሳቸው መደብ ጎማ መዘርጋት ቀላል ነው። በመጀመሪያ ጥሬ የሚበሉትን፣ ሰላጣውንና ካሮቱን፣ ከወንዙ እናላቅቃቸው። እሳቸው ካዩ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ እዚህ ሰፈር የእሳቸውን ቃል የማይሰማ የለም።

ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል። ጉድጓዱ ከወንዙ ሩቅ አይደለም። ወንዙ በአፈር ውስጥ እየሰረገ ቢገባበትስ? ውሃው ጠርቷል፣ ሽታም የለውም፤ ግን ብረቱ በዓይን አይታይም። ይህን ሳላረጋግጥ እትዬን ንጹህ ውሃ ነው ብዬ አላታልላቸውም። አንቺ ታውቂበታለሽ። የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚወሰድ፣ በምን ዓይነት ዕቃ እንደሚቀዳ፣ ምን ምን እንደሚመረመር ንገሪኝ። ደግሞ አሁን ጥር ነው። የጉድጓዱ ውሃ መብቃት አለመብቃቱ የሚፈተነው ሚያዝያ ላይ ነው። እስከዚያ ምን ያህል እንደሚወርድ በገመድ እየለካሁ እጽፋለሁ፤ ግን ምን ያህል ቢወርድ መስጋት እንዳለብኝ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ።

የዕቁቡ እጣ የሚደርሰኝ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ሻጩ ሙሉውን ዕቃ ውሰጂ እያለ ይወተውተኛል። አንቺ ሳታይው አንድ ሜትር ጎማ አልገዛም። መቂ ስንቱን የቲማቲም እርሻ ስታስተካክዪ ትውያለሽ፣ የእኛን 1000 ካሬ አንድ ቅዳሜ ስጪው። መንገዱ ራቀኝ እንዳትይ ብቻ፣ ከሞጆ መቂ ፈጣን መንገድ ተሠርቶልሻል! ልጁንም ይዘሽው ነይ። እማዬ በየቀኑ "ያቺ ልጅ ተቀየመችን?" ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ተቀይመሽ ከሆነም ተቀይመሽ ነይ። ገንፎውን እኔ አገነፋልሻለሁ፣ ጊዜው ቢያልፍም። ስትመጪ ያንን ከኪስሽ የማይለየውን የውሃ መለኪያ እንዳትረሺ። ስልኬ አልተቀየረም፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደውዪልኝ።

እህትሽ፣ ከአቃቂ