የላም ወተት እንዳትሰጫቸው

ልጄ፣ የኔ ሸጋ፣ እንዴት ከረምሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ አባትሽ ጉልበቱን ትንሽ ይዞታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፣ አንዴ ስብሰባ ላይ ነኝ አልሽኝ፣ አንዴ ደሞ ከኋላሽ ሲጮሁ እየሰማሁ "ቲቪ ነው እማ" አልሽኝ። ቲቪ እንደዛ አይጮህም። ስለዚህ በቴሌግራም ልጻፈው ብዬ ነው፣ መነጽሬ ተሰብሯል፣ ፊደል ብስት አንቺው አቃንተሽ አንብቢው።

ወሬውን ያመጣችልኝ ሰኞ ገበያ ያለችው አክስትሽ ናት። "ልጅሽ አራት የድመት ልጆች ካርቶን ውስጥ አድርጋ ሌሊቱን ሙሉ ስትነሳ ስትተኛ ነው የምታድረው፣ አከራይዋ መብራት ቆጠረብኝ እያሉ ነው፣ ባንክ ቤትም መስኮቱ ላይ እያዛጋች ነው ሰው የምታስተናግደው" አለችኝ። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። ለራሷ ምሳ በቅጡ የማትበላ ልጅ አሁን አራት አፍ ልትመግብ ነው አልኩ። ማታ ግን ወንድምሽ የላክሽለትን ፎቶ አሳየኝ። ጆሯቸው ገና አልቆመም፣ አይናቸው ጭጋግ የመሰለ ሰማያዊ ነው። ሁለት ሳምንት ቢሆናቸው ነው። እናታቸውን ባጃጅ ገጭቷት ሞታ አይቻለሁ ብለሽዋል፣ እንደዛ ከሆነ ጥሩ፣ ካላየሽ ግን ድመት ለአደን ወጥታ ለሰዓታት ልትቆይ ትችላለች፣ ብዙ ሰው እናት ያለውን ነው ወላጅ አልባ ብሎ የሚያነሳው። አንቺ አይተሻል፣ አበቃ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፣ የላም ወተት እንዳትሰጫቸው። ከዚህ ሁሉ ጽሁፍ ምንም ባትይዢ እሱን ያዢ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ፣ እሱን ለመጻፍ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

አሁን ብርዱን እንነጋገር። ደሴ እንደኛ ሐይቅ ከተማ አይደለችም፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ትልቅ ሰውም አይምርም። እነሱ በዚህ እድሜያቸው ገላቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምረሽ (የፈላ አይደለም ሙቅ ነው ያልኩት) በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለሽ ካርቶኑ አንድ ጥግ ላይ አስቀምጪ፣ ሌላው ጥግ ባዶ ይሁን፣ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ይፈልጋሉ። ሲቀዘቅዝ ቀይሪው። የቀዘቀዘ የድመት ልጅ ደሞ መጀመሪያ አይመገብም፣ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ብርድ የገባበት ሆድ ምግብ አይፈጭም። ብብትሽ ስር፣ ሹራብሽ ውስጥ አድርገሽ ቀስ እያልሽ አሙቂው።

እና ልጄ፣ ከሰል! አክስትሽ "ማንደጃ አስገብታ ታሞቃቸዋለች" ስትለኝ ልቤ ነው የወረደው። በዝግ ቤት ከሰል አይታደርም። ጢሱ ባይታይም ይገድላል፣ አንቺንም እነሱንም እኩል ነው የሚጨርሰው፣ ጠዋት በር ሰብረው ነው የሚያገኙሽ። በወላጅ አምላክ ይሁንብሽ፣ ዛሬውኑ ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጪ። አውጥቻለሁ ብለሽ በቮይስ ላኪልኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ሶስተኛ ክፍል ነበርሽ፣ ክረምት ነበር። ከመስጊዱ አጥር ስር አገኘሁ ብለሽ ሁለት በሹራብሽ ጠቅልለሽ መጣሽ፣ አንዷ ነጭ፣ አንዱ ዝንጉርጉር። ያን ሰሞን ላሚቱ ወልዳ ወተት እንደ ጉድ ነው። እኔ ነኝ ከጓዳ በኩባያ ቀድቼ የሰጠሁሽ። እኔ ነኝ እንደ ሕፃን በጀርባቸው አንጋልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በማንኪያ ስግታቸው ያሳየሁሽ። በአፍንጫቸው ሲወጣ "ጠግበው ነው" አልኩሽ። ማታ ሲያስቀምጣቸው ደሞ አቅም አጥተው ነው ብዬ ጨምሬ ሰጠኋቸው። ጨምሬ!

በሶስተኛው ቀን ነጯ፣ በአራተኛው ዝንጉርጉሩ። አንቺ የሹራብሽ እጅጌ ላይ ወተቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ፣ እሱን በጥፍርሽ እየላጥሽ ታለቅሻለሽ። እኔ ምን አልኩሽ? "አንቺ ነሽ የገደልሻቸው፣ ቀኑን ሙሉ ስታገላብጫቸው ጨረስሻቸው፣ ሁለተኛ እንስሳ እንዳትነኪ"። ለቅሶሽ አታክቶኝ ነው እንጂ አምኜበት አይደለም። አንቺ ግን አመንሽኝ። ዘይቱኑ ስር በሳሙና ካርቶን ቀበርሻቸው፣ ከዚያ ወዲህ ጫጩት እንኳ አልነካሽም። ለአረፋ በግ ሲመጣ ወንድሞችሽ ገመዱን ሲሻሙ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታያለሽ። እኔም ለሰው "እሷ እንስሳ ትፈራለች" እያልኩ አወራሁ። ስንት ዓመት።

ባለፈው ጥቅምት ጥጃዋን አስቀምጧት የጎረቤታችን ልጅ፣ ያ የእንስሳት ሐኪም የሆነው፣ ሊያያት መጣ። ቡና አፍልቼ ስናወራ የድመት ነገር ተነሳና እንዲሁ ለጨዋታ ነገርኩት። "የላም ወተት ነው እኮ እማማ" አለኝ። ላክቶስ የሚባል ስኳር አለበት፣ የድመት ልጅ አንጀት ያን ሁሉ መፍጨት አይችልም፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ተቅማጡ ውሃቸውን ጨርሶ ያወጣዋል አለኝ። ስቡም ፕሮቲኑም ለነሱ ያንሳል። በጀርባ ማጋቱ ደሞ ወተቱን ወደ ሳንባ ይሰደዋል አለ፣ በአፍንጫ የወጣው ለዛ ነው። እሱ ቡናውን ይጠጣል፣ እኔ አቦሉ ላይ ጀበናውን ይዤ ቀረሁ። ይሄው ከጥቅምት ጀምሮ ልነግርሽ እፈልጋለሁ፣ በስልክ ስትስቂ እተወዋለሁ።

አንቺ አልገደልሻቸውም። እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልጄ።

እሺ። ስለዚህ የላም ወተት የለም። አከራይሽ ቢሰጡሽም፣ አክስትሽ "እኛ ሁሌ የምንሰጠው ነው" ብትልሽም የለም። ለድመት ልጆች ተብሎ የተሰራ ዱቄት ወተት አለ፣ አዲስ አበባ ላለችው ለአጎትሽ ልጅ ደውያለሁ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ዞራ ታገኝልሻለች፣ በአውቶቡስ ትልከዋለች፣ ብሩን እኔ ነኝ የምከፍለው። እሱ እስኪመጣ የፍየል ወተት እልክልሻለሁ፣ እሱም ቢሆን ለጊዜው ነው፣ ትንሽ ይሻላል እንጂ ሙሉ ምግብ አይሆናቸውም። አፍልተሽ፣ ለብ ሲል የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው።

ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ግዢ። በሆዳቸው አስተኝተሽ፣ እናታቸውን ሲጠቡ እንደሚሆኑት፣ ራሳቸው ትንሽ ቀና ብሎ። በጀርባ በፍጹም። ቀስ፣ ጠብታ በጠብታ፣ እሱ እየጠባ እንጂ አንቺ እየገፋሽበት አይሁን። 200 ግራም ለሚመዝን በአንዴ 8 ሚሊ አካባቢ ይበቃዋል፣ ሆዱ ክብ ሲል አቁሚ። አሁን በየሶስት ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር፣ ሶስት ሳምንት ሲሞላቸው በየአራት አምስት ሰዓቱ ይሆናል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኛቸው፣ የኩሽና ሚዛን ከሌለሽ ታች ያለው ባለሱቅ ይመዝንልሽ፣ በቀን 10 ግራም ያህል መጨመር አለባቸው። ጻፊው፣ በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ አትበይ፣ የቤት ኪራይ ቀን እንኳ ትረሻለሽ።

ከበሉ በኋላ ደሞ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ፣ ብቻቸውን ሽንት መሽናት አይችሉም። እናታቸው ስትልሳቸው ነው የሚወጣላቸው። ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ ከጅራታቸው ስር ቀስ አድርገሽ አሻሺ፣ ሽንታቸውም ሰገራቸውም እስኪወጣ። ሶስት ሳምንት ካለፋቸው በኋላ ራሳቸው ይጀምራሉ፣ ያኔ ዝቅ ያለ ሳፋ ላይ አሸዋ አድርጊላቸው። የወንድምሽ ሚስት ልትጠይቅሽ ከመጣች ያን አሸዋ እንዳትነካ፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ከድመት ኩስ የሚመጣ በሽታ አለ ለጽንስ የሚያሰጋ። አንቺም ከነካሻቸው በኋላ እጅሽን በሳሙና።

ቁንጫ ካለባቸው (አለባቸው፣ የመንገድ ናቸው) የከብት መዥገር መድኃኒት እንዳይረጭባቸው፣ የበረሮም እንዲሁ። አጎትሽ ይሄን ምክር እንደሚሰጥሽ አውቃለሁ፣ አትስሚው፣ ድመት ይገድላል። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥበሽ ወዲያው በፎጣ አድርቂ፣ በቀጭን ማበጠሪያ ልቀሚ። ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው፣ ሩቡም ቢሆን።

ቢቧጭሩሽ ወይ ቢነክሱሽ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቢው፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትም ይይዛል። አክስትሽ ቅጠል የሚያውቅ ሰው አለ ካለችሽ እሺ ብለሽ አሰናብቻትና ጤና ጣቢያሽ ሂጂ። ሶስት ወር ሲሞላቸው አስከትቢያቸው።

አራት ሳምንት አካባቢ ጥርስ ሲያወጡ ምግብ መቅመስ ይጀምራሉ። ያኔ እንጀራ በወጥ አርሰሽ አትስጪ፣ የኛ ወጥ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደማቸውን ያበላሸዋል። ድመት ሥጋ በል ናት። ከሐይቁ ቆሮሶ ቀቅዬ፣ አጥንቱን ለቅሜ፣ ያለ ጨው እልክልሻለሁ። አከራይሽ ሁዳዴ ይዘዋል፣ ዓሣውን በሳቸው ድስት እንዳታሞቂ፣ ወተቱንም ከሳቸው ዕቃ ለይተሽ አስቀምጪ፣ ያከብሩሻል አክብሪያቸው። መብራቱን የጨመረውን ብር ሳይጠይቁሽ ክፈዪ።

አያትሽ፣ አላህ ይማራትና፣ ለሶላት ውዱእ የቀዳችውን ውሃ ድመት ብትጠጣበት አትደፋውም ነበር። ነጃሳ፣ ርኩስ አይደለችም፣ ቤታችን ውስጥ ከሚዞሩት አንዷ ናት ትለኝ ነበር። የነቢዩ ባልደረባ የአቡ ሁረይራ ስም የድመቷ አባት ማለት ነው፣ አንቺን ደሞ ሰፈሩ ኡሙ ሁረይራ፣ የድመቷ እናት ሊልሽ ነው፣ ባል ሳታገቢ። ይሄን ስል እየሳቅኩ ነው፣ እንዳትቆጪ።

ግን ስሚኝ፣ ወንድምሽ አንዷ ትንሿ አትጠባም ብሎኛል፣ ፎቶው ላይም ለብቻዋ ነው ያለችው። መጀመሪያ አሙቂያት። ከሞቀች በኋላ ስኳር በሞቀ ውሃ በጥብጠሽ አንድ ሁለት ጠብታ ድዷ ላይ አሻሺላት፣ ከዚያ ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ ነገ ሳትይ። ፈቃድ ጠይቂ፣ አክስትሽን አንቄ አስወስዳታለሁ ካልሆነ። እና አንዳንዴ ሁሉንም አድርገሽ ትሞታለች። እናት የሌላት ናት፣ በዛ ብርድ ነው የተገኘችው። ብትሞት ደውዪልኝ። በሌሊትም ቢሆን፣ ስራ ላይም ብትሆኚ። እኔ ያን ቀን ያልኩሽን ለራስሽ ደግመሽ እንዳትነግሪው፣ የዛን ነው የምፈራው፣ ከድመቷ በላይ።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የፍየል ወተቱን በሚኒባስ ረዳት እልካለሁ፣ ያ ቀዩ ልጅ፣ ያውቅሻል። ከመናኸሪያ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀበዪው። ክዳኗ ላይ ቀይ ክር ያሰርኩባት ናት የፍየሏ፣ ሌላኛዋ ለአክስትሽ የላክሁት የላም ነው፣ እንዳትቀያይሪያቸው። አንብበሽ ስትጨርሺ ክሯ ምን ቀለም እንደሆነ ጽፈሽ ላኪልኝ።