ለልጄ፦ ከላኦስ አማቾችሽ ገበታ ስትቀርቢ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እጮኛሽ ለአዲስ ዓመታቸው ዋና ከተማቸው ቪየንቲያን ወላጆቹ ዘንድ ሊወስድሽ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ሚኒሶታ አበሻውም ላኦሱም የበዛበት አገር ነውና መተዋወቃችሁ አልገረመኝም። በስልክ ያልሽኝ ነገር ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። «አባዬ፣ እነሱም እንደኛ ጥሬ ይበላሉ፤ ምንም አልቸገርም» አልሽኝ። ግማሹ እውነት ነው። ስለ ቀረው ግማሽ ልጽፍልሽ ነው። ዕድሜዬን ቄራ ውስጥ ሥጋ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝና ስሚኝ።

ላፕ የሚሉትን ትወጂዋለሽ። የበሬ ወይም የውሃ ጎሽ ቀይ ሥጋ እንደ ክትፎ እስኪልም በቢላ ይከተከታል። ተቆልቶ የተወቀጠ ሩዝ፣ ሚጥሚጣ፣ ናና፣ ሎሚ ይገባበታል። መረር እንዲል ሐሞት ጠብ የሚያደርጉበትም አሉ። ለሠርግ፣ ለአዲስ ዓመት፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው። የሚያጣብቀውን ሩዝ ከቅርጫቱ ቆንጥረሽ በእጅሽ ታድቦለቡያለሽ፤ በሱ ላፑን ጠቅ አድርገሽ መጉረስ ነው። ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላል፤ ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ እጁን አይሰድም። ይሄን ቤትሽ የለመድሽው ነው። ጥሬ በላ ተብለን ስንሰደብ የኖርን እኛም ነን፤ በሰው ገበታ ፊትሽን እንዳታጨማድጂ።

የበሬውን ሥጋ አውቀዋለሁ። ምላሱን፣ የመንጋጋውን ሥጋ፣ ልቡን ሰንጥቄ አያለሁ። የኮሶ ትል እጭ ካለበት አተር የምታክል ነጭ ፊኛ ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ከዓይን ማምለጡ አይቀርም። ቢያመልጥም የሚያድገው አንጀት ውስጥ ነው፤ ድሮ በኮሶ፣ ዛሬ በኪኒን ይወጣል። ስለዚህ ከላፑ ቀምሼ አየሁ ብትዪኝ አልቆጣም፤ ያልታመመ፣ የታረደ ከብት መሆኑን ብቻ አስጠይቂ። ጥሬ የአሳማ ሥጋና ደምም የሚበላበት አለ። እሱን መቼም አትነኪውም፤ ባትነኪውም ደግ ነው፣ የራሱ ክፉ በሽታዎች አሉት።

እኔን የሚያስፈራኝ ዓሣው ነው። ኮይ ፓ የሚሉት ከሜኮንግ ወንዝ፣ ከኩሬ ወይም ከሩዝ ማሳ የተያዘ ዓሣ ነው፤ ጥሬውን ተከትፎ በሎሚና በሚጥሚጣ ይታሻል። በትናንሾቹ የወንዝ ዓሦች ሥጋ ውስጥ የጉበት ትል እጭ አለ። ይሄ በዓይን አይታይም። እኔ ራሴ ቢላዬን ይዤ አጠገብሽ ብቆም አላገኝልሽም። ከተበላ በኋላ ወደ ጉበት ይወጣና የሐሞት ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ብዙውን ሰው አያመውም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ቱቦውን ዝም ብሎ ሲያቆስል ይኖርና ከዓመታት በኋላ አንዳንዱን በሐሞት ቱቦ ካንሰር ይገድለዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ትል እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ከወንዙ ማዶ፣ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ያለው ሕዝብ ከላኦሶቹ ጋር ቋንቋውም ምግቡም አንድ ነው። ይህ ካንሰር በዓለም እጅግ የበዛው እዚያ ነው።

ሎሚ ያረፈበት ዓሣ ነጭ ይሆንና የበሰለ ይመስላል። አልበሰለም። ሎሚም፣ ሚጥሚጣም፣ በላዩ የሚጠጡት የሩዝ አረቄም ትሉን አይገድሉትም። በጨውና በሩዝ ለጥቂት ቀን ብቻ የኮመጠጠውንም አትመኚው። ፓዴክ የሚሉት የኮመጠጠ ዓሣ ግን ለወራት በጨው የሚቆይ ነው፤ እሱንም ምግብ ውስጥ ገብቶ የፈላውን ብዪ።

ገበታ ላይ ቀርቦ እምቢ ማለት ሰው ያስከፋል። እጮኛሽ ከመሄዳችሁ በፊት ለእናቱ ደውሎ ይንገርልሽ። ላፕን አብስለው የሚሠሩም ብዙ ናቸው፤ ጥሬውን «ዲፕ»፣ የበሰለውን «ሱክ» ይሉታል። ዓሣውንም ጨው ቀብተው በፍም ይጠብሱታል፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስሉታል። ከዚያ እስክትጠግቢ ብዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እሱም ቅር እንዳይለው። እጮኛሽ ልጅነቱን እዚያ ነው ያሳለፈው ብለሽኛል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሰገራውን ይመርመር፤ ጥሬ ዓሣ እበላ ነበር ብሎም ይንገራቸው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ እኛ አገር ለብልሃርዚያ የሚሰጠው። ትሉን ይገድለዋል። ተመልሶ ጥሬ ዓሣ ከበላ ግን ተመልሶ ይይዘዋል።

ለአማቾችሽ ሚጥሚጣና በርበሬ አዘጋጅተናል፣ በሰው እንልካለን። እናትሽ ደግሞ ሩዙን ምን ያህል እንደሚቆሉት አማትሽን ጠይቂልኝ ብላለች።

አባትሽ