አፍንጫዬን ተከትዬ የበላሁት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ማሌዥያዋ ፔናንግ ደሴት የመንገድ ዳር ምግብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከቡናዬ ጋር አነበብኩት። ደስ ይላል፣ ያስርባልም። ሁለት ነገር ግን አልዋጥልህ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

አንደኛው ቀላል ነው። ጸሐፊው የፔናንግን ላክሳ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ሾርባ አድርገውታል። ያ ሲንጋፖር የሚታወቅበት ነው። ፔናንግን ስም ያሰጣት አሳም ላክሳ ኮኮናት አይነካውም። ዓሣ ተቀቅሎ ይፈረፈራል፣ ድሬዎች ሁመር በሚሉት ፍሬ (ታማሪንድ) ይጎመዝዛል፣ ላዩ ላይ ናና፣ አናናስና ኪያር ጣል ይደረግበታል። መጀመሪያ ፊት ያስጨማድዳል፣ ከሦስተኛው ማንኪያ በኋላ ግን ማቆም የለም።

ሁለተኛው ስለ ፔናንግ ዋና ከተማ የሰጡት «ጆርጅ ታውን ውስጥ አስጎብኚ መያዝ ብር መጣል ነው፣ አፍንጫህን ተከተል» የሚለው ምክር ነው። እኛ ተከትለናል። አምና ለሥራ ኳላ ላምፑር ሄደን ቅዳሜና እሁዱን ከባልደረባዬ ጋር ፔናንግ አሳለፍነው። የመጀመሪያው ማታ አንድ ሰውዬ ከሰል እያራገበ በትልቅ ብረት መጥበሻ ቻር ኳይ ቲያው ይጠብሳል። ጠፍጣፋ የሩዝ ኑድል ነው፣ ከእንቁላል፣ ከሽሪምፕና ከማሾ ቡቃያ ጋር። ሽታው ከመንገዱ ማዶ ይጠራል። በላን። ጥርስ ስር ኩርሽም የሚል ነገር አለው፣ ሽንኩርት መስሎን አወደስነው። ሳህኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ስንጠይቅ የአሳማ ስብ ኖሯል! ባልደረባዬ ሙስሊም ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በሥጋ ነገር አዲስ አበባ ላይ ተለያይተን እንበላለን፣ እዚያ ግን እኩል ደነገጥን። ሰውዬው አላታለለንም። እኛው አልጠየቅንም።

በማግስቱ የእግር ጉብኝት ያዝን። አስጎብኚያችን ገና ሰላም ሳይለን «የማትበሉት ምንድን ነው?» አለ። መንገዱን የቀየሰው ከዚያ በኋላ ነው። በሕንዶች ሰፈር ጀመርን። ቶሳይ የሚሉት ከሩዝና ከጥቁር ምስር ተፈጭቶ፣ ሊጡ አድሮ ቦክቶ ምጣድ ላይ የሚሳሳ ቂጣ ነው። እንጀራ ነው አልልም፣ ግን በቀኝ እጅ ቆርሼ ምስሩን ስጠቅስበት እጄ አልተደናገረም። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ቁርስ አላየሁም።

ከዚያ አንድ ጎዳና ይዘን ወጣን። በ1801 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የሕንድ ሙስሊሞች መስጊድ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ የቻይኖች ቤተ መቅደስ፣ በ1818 እ.ኤ.አ. የተሠራ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም እዚያው አካባቢ ነው። የድሮው ከተማ በ2008 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የገባው በከንቱ አይደለም። ለእኛ ግን ጎዳናው ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ማን የት እንደሚጸልይ ስታውቅ የማን ድስት ውስጥ ምን እንደማይገባ ትገምታለህ። ናሲ ካንዳር የሚሉት ሩዝ በወጥ የሙስሊሞቹ ነው። «ካንዳር» ሻጮቹ ድሮ ሩዙንና ወጡን በሁለት ጫፉ አንጠልጥለው በትከሻቸው የሚያዞሩበት ዘንግ ነው። ባልደረባዬ እዚያ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ያ ቻር ኳይ ቲያው እንኳ ያለ አሳማ ስብ የሚጠበስበት የሙስሊም ቤት ኖሯል፣ ከእኛው ሆቴል ብዙም ሳይርቅ።

ሻጩን ሁሉ «አንክል» ይሉታል፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። የሻዩ አንክል ሁለት ጣሳ ይዞ ወተት ያለውን ሻይ ከአንዱ ወደ ሌላው ክንዱ እስኪዘረጋ ድረስ ያንቆረቁራል። ጠብታ አይፈስም። አረፋው ከብርጭቆው አፍ ላይ ጉብ ብሎ ይመጣል። ቴህ ታሪክ፣ «የተጎተተ ሻይ» ነው ስሙ።

ጉብኝቱ እንከን የለውም አልልም። አምስተኛው ቦታ ላይ ሆዴ እምቢ አለ፣ አስጎብኚው ግን ገና ሁለት ቀርቶታል። ርካሽም አይደለም፣ በዚያ ብር ለብቻችን ሦስት ቀን እንበላበት ነበር።

ብቻ ጽሑፉን በድጋሚ የምታወጡት ከሆነ፣ ከየምግቡ ስም ሥር ምን እንደሚገባበት አንድ መስመር ጨምሩ። አስጎብኚ መያዝ የማይችልም አንባቢ አላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ