ቆልማማ እግር ለከባድ ቀዶ ሕክምና ሳይደርስ

ለአዘጋጁ፦

እግራቸው ተጣሞ ለሚወለዱ ሕፃናት ስለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁት ጽሑፍ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ዕድል ግን አላጎላም። ቆልማማ እግር በዓለም ላይ ከ1,000 ሕፃናት በ1 ገደማ ይታያል። በተወለዱ ሳምንታት ውስጥ ከተጀመረ፣ በፖንሴቲ ዘዴ እግሩን በእጅ እያቃኑ በየሳምንቱ ጀሶ በመቀየር አብዛኛው ይስተካከላል። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና የተረከዝ ጅማትን መብጣት ብቻ ነው። ዘግይቶ የመጣ ልጅ አጥንቱ ስለሚጠነክር ከባድ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እርግማን ነው ተብሎ ቤት የተደበቀ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ጀሶው ከወለቀ በኋላም ልጁ እግሩን አቃንቶ የሚይዘውን ልዩ ጫማ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ማታ ማታ ማድረግ አለበት፤ ካቋረጠ እግሩ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል። ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ለምትመጣ እናት ደግሞ የየሳምንቱ ትራንስፖርት ቀላል ወጪ አይደለም።

ስለዚህ የድሬዳዋ ጤና ቢሮ አዋላጆች ሕፃናት ሲወለዱ፣ ክትባት ሰጪዎችም በ45 ቀናቸው የሕፃናቱን እግር አይተው በክትባት ካርዱ ላይ እንዲመዘግቡ ያድርግ። የጀሶ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታና ቀንም በሬዲዮ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይነገር፤ ለገጠር እናቶች የመጓጓዣ ወጪ ይሸፈን።

አንባቢ፣ ከድሬዳዋ