መጀመሪያ ጎማው፣ ከዛ ሳይክሉ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ደሴ ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ ስራዬ ሳይክል መጠገንና ጎማ መለጠፍ ነው፣ ከ20 አመት በላይ በዚሁ ነው ልጆች ያሳደግኩት። ይሄን የምፅፍላችሁ በቅርቡ ስለ ረጅም የሳይክል ጉዞ ያወጣችሁት ፅሁፍ ላይ አንድ ነገር ስላንገበገበኝ ነው። ፅሁፉ ሰው ሳይክል ሲመርጥ መጀመሪያ ቅለቱን ይይ፣ ጎማው ቀጭን ሆኖ ድርቅ ብሎ የተነፋ ይሁን፣ እንደዛ ሲሆን ይፈጥናል ይላል። አስፋልት ላይ ለሚወዳደር ልጅ እሺ ይሁን። እቃ ጭኖ ለአምስት ለስድስት ቀን ጠጠር ላይ ለሚሄድ ሰው ግን ይሄ ምክር ጭራሽ አይሆንም፣ እና እንደዚሁ አይነት ምክር ይዞ ሊሄድ የነበረው የገዛ እህቴ ልጅ ስለሆነ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ልጁ ያለው አሜሪካ ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከፒትስበርግ ተነስተው እስከ ዋሽንግተን ዲሲ በሳይክል ሊሄዱ አስበዋል። ልጁ መኪና የማይነዳበት 540 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ ሲለኝ መጀመሪያ አላመንኩትም፣ ከዛ በቴሌግራም ፎቶውን ላከልኝ። የመጀመሪያው 240 ኪሎ ሜትር ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ ነው፣ ባቡሩ ሲቀር ሀዲዱን አንስተው መሬቱን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አልብሰው ለእግረኛና ለሳይክል ሰጡት፣ ፒትስበርግ መሃል ድረስ ተያይዞ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከምበርላንድ ከምትባል ከተማ በኋላ ያለው 297 ኪሎ ሜትር ደሞ የባቡር አይደለም፣ ሲ ኤንድ ኦ የሚባል የጀልባ ቦይ ዳር ነው፣ በ1800ዎቹ በቅሎዎች ዳሩን ዳሩን እየሄዱ ጀልባውን በገመድ ይጎትቱ ነበር፣ የበቅሎዎቹ መንገድ ነው ዛሬ የሳይክል የሆነው። እንዲህ ከባቡር ወደ ሳይክል የተቀየረ መንገድ አገራቸው ውስጥ ሁሉም ሲደመር ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ባቡር ዳገት እንደማይወድ ለመረዳት እኛ ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የአዋሽ ኮምቦልቻ ሀራ ገበያ ሀዲድ ሲሰራ አይተናል፣ ተራራ ሲመጣበት ይበሳዋል ወይ ይዞረዋል፣ ሸለቆ ሲመጣበት በድልድይ ይሻገረዋል፣ የብረት ጎማ በብረት ላይ ነው የሚሄደውና ዳገቱ ትንሽ ከበረታ መያዝ ያቅተዋል። የነሱም እንደዛው ነው። ልጁ የሚያልፍበት ትልቁ ከፍታ 729 ሜትር ላይ ነው፣ ከዛ ወደ ከምበርላንድ 38 ኪሎ ሜትር ሲወርድ የሚጥለው ከፍታ 540 ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ እኮ 600 ሜትር ገደማ የምንጥለው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው፣ ያውም ጠመዝማዛው ላይ አንዳንዱ ቦታ ቀጥ ያለ ነው፣ ሐረጎን በሳይክል የወረደ ሰው ፍሬኑ ምን እንደሚሸት ያውቃል። እዛ ግን መቶ ሜትር ሲሄድ ሁለት ሜትር እንኳን አይወርድም።

እና ልጁ ይሄን ሲያውቅ ምን አለኝ፣ ሜዳ ከሆነማ የጓደኛዬን የውድድር ሳይክል እዋሳለሁ፣ የጎማው ስፋት 25 ሚሊ ነው፣ ቀላል ነው አለኝ። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው፣ የናንተም ፅሁፍ ስህተት እዚሁ ጋ ነው። መንገዱ ለጥ ያለ መሆኑና መሬቱ ምን አይነት መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ዳገቱ የሚነግርህ ስለ ማርሽ ነው፣ ስለ ጎማ የሚነግርህ መሬቱ ነው።

ለምን መሰላችሁ። ቀጭን ጎማ 90 ወይ 100 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ካልተነፋ ቸርኬው መሬት ይነካል፣ እንደዛ ከተነፋ ደሞ ድንጋይ ይሆናል፣ ጠጠር ባገኘ ቁጥር ሳይክሉም ሰውዬውም እቃውም አብረው ይነሳሉ፣ ያ ሁሉ ክብደት በየጠጠሩ ሲነሳና ሲወድቅ ጉልበቱ የሚወጣው ከእግርህ ነው። ሰፊ ጎማ ግን ንፋሱ ቀነስ ስለሚል ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፣ ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አስፋልት ላይ የሚጮኸው ቀጭን ጎማ ፈጣን ይመስላል፣ ጠጠር ላይ ግን ሰውየውን ያደክመዋል እንጂ አያፈጥነውም፣ ለስላሳ ቦታ ሲያገኝ ደሞ እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል። የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ሲደርቅ ጠንካራ ነው፣ ዝናብ ሲመታው ግን እንደ ሊጥ ይሆናል፣ የቦዩ ዳር ደሞ ብዙ ቦታ አፈር ስለሆነ ሲዘንብ ጭቃ ነው፣ የዛፍ ስርም አለበት። የቦርከና ሜዳ ዋልካ በሐምሌ ምን እንደሚያደርግ ለምታውቁ ሰዎች ይሄን ማብራራት አያስፈልገኝም።

እኔ በራሴ ላይ ደርሶብኛል። የዛሬ ስንት አመት ከሀርቡ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ጠጠር መንገድ ላይ ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ማሽላ ከኋላ አስሬ በ28 ሚሊ ጎማ ስሄድ ሶስት ጊዜ ተነፈሰብኝ፣ ሶስቱንም ጊዜ ካላማዳሪያው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ነው ያገኘሁት። ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል፣ አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ወይ ሚስማር ነው፣ ሁለት ቀዳዳ ትይዩ ከሆነ ግን ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተጨፍልቆ ነው፣ ወይ ንፋስ አንሶታል ወይ ጎማው ለጭነቱ ጠቧል። ሰው እሾህ ነው ብሎ እሾህ ሲፈልግ ይውላል፣ ማስቲሽ ቀብቶ ለጥፎ እንደገና ይነሳል፣ መቶ ሜትር ሳይሄድ እንደገና። ያን ቀን ማሽላውን ተሸክሜ ሳይክሉን እየገፋሁ ነው አስፋልት የደረስኩት።

ስለዚህ ልጁን ያልኩት መጀመሪያ ጎማውን ምረጥ፣ ከዛ ያንን ጎማ የሚያስገባ ሳይክል ፈልግ ነው። ለዛ መንገድ ከ38 እስከ 45 ሚሊ ያለው ጥሩ ነው፣ 32ም ደረቅ ከሆነና እቃህ ትንሽ ከሆነ ያደርሳል፣ ከዛ በታች ግን አትሞክር። ጥርሱም ትልልቅ አይሁን፣ መሃሉ ለስለስ ያለ ጎንና ጎኑ ላይ ብቻ ትንንሽ ጥርስ ያለው ይሁን፣ ትልልቅ ጥርስ ያለው የማውንቴን ጎማ ደረቁ ላይ እየጎተተ ያደክማል ጭቃው ላይ ደሞ ጭቃውን ይሰበስባል። እሾህ የሚከላከል ወፍራም ንጣፍ ከውስጥ ያለው ከሆነ ትንሽ ቢከብድም ይግዛው፣ በቀን 80 እና 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ ከመለጠፍ ትንሽ ክብደት መሸከም ይሻለዋል። ንፋሱን በተመለከተ ልጁ 75 ኪሎ ገደማ ነው፣ 15 ኪሎ እቃ ከኋላ ይጭናል፣ በ40 ሚሊ ጎማ የፊቱን ወደ 40 የኋላውን ወደ 50 ፒኤስአይ አድርገህ ጀምር፣ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ከተሰማህ ጨምር፣ እጅህ ከደነዘዘ ቀንስ አልኩት። የፊትና የኋላ እኩል መሆን የለበትም፣ ክብደቱ ያለው ኋላ ነው። በአውራ ጣት መጫን ደሞ ልኬት አይደለም፣ መለኪያ ያለው ትንሽ ፓምፕ ይያዝ።

ሳይክሉ ላይ ብዙ አልጨነቅም። እነሱ ግራቭል የሚሉት መሪው ወደ ታች የታጠፈ ይሁን ወይ ቀጥ ያለ መሪ ያለው የከተማ ሳይክል ይሁን ሁለቱም ያደርሳሉ፣ ማውንቴንም ቢሆን ጎማውን ለስላሳ ከቀየሩለት ያደርሳል። የፊት ሞላ ግን ለዚህ መንገድ ክብደት ብቻ ነው፣ ሰፊው ጎማ የሞላውን ስራ ይሰራል። እቃ መጫኛ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ ፍሬሙ ላይ ይኑር፣ የኋላው ጎማ ከፔዳሉ ራቅ ያለ ይሁን አለዚያ ተረከዙ የጎን ቦርሳውን ሲመታ ይውላል፣ ፓራፋንጎ ይኑረው። የኖራው ድንጋይ ዱቄት ከውሃ ጋር ሲሆን ካቴናውን ይበላል፣ ማታ ማታ ጠርጎ ዘይት መቀባት አይርሳ፣ ፍሬኑም የዲስክ ቢሆን ይመረጣል ምክንያቱም ያ ዱቄት ቸርኬ ላይ የሚይዘውን ፍሬን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚያደርገው። መብራትም ይያዝ፣ ቦዩ ላይ ፖው ፖው የሚባል 950 ሜትር ዋሻ አለ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ወርዶ እየገፋ ይለፍ።

አሁን አዘጋጆች ከሁሉም በላይ ለአገራችን ሰው እንድታትሙልኝ የምፈልገው ይሄን ነው። ጎማ ስትገዙ 28 ወይ 26 የሚለውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ጎማው ጎን ላይ ትንሽ ሆኖ ለምሳሌ 40-622 ተብሎ ተፅፏል፣ 40ው ስፋቱ በሚሊ ነው፣ 622ቱ ደሞ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፣ መግጠም አለመግጠሙን የሚወስነው ይሄ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ትልቁ ባለ ዘንግ የድሮ ሳይክል 28 በ 1½ የሚባለው 635 ነው። 700ሲ የሚሉት ዘመናዊው 622 ነው፣ እሱንም ሰው 28 ነው የሚለው፣ ሁለቱ በጭራሽ አይገጥሙም። ማውንቴን ላይ 29 የሚሉት ደሞ 622 ነው፣ ስለዚህ ያኛው 28 ከዚህኛው 28 ጋር አይገጥምም፣ ዘመናዊው 28 ግን ከ29 ጋር አንድ ነው። 26ም እንደዚሁ ነው፣ 26 በ 1⅜ የሚለው 590፣ 26 በ 1.95 የሚለው 559። አንዲት እናት ለልጃቸው ትምህርት ቤት መሄጃ ሳይክል ጎማ ከደሴ ገዝተው መጡ፣ ደስ ብሏቸው፣ ብሩንም አጠራቅመው ነበር፣ ስለካው 622 ነው የልጁ ቸርኬ 635። ሻጩም አያውቅም እሳቸውም አያውቁም፣ ሁለቱም 28 ነው የተባባሉት። ሻጩ አልመልስም አለ። እኔ ጋ ያገለገለ 635 ስለነበረ ገጠምኩላቸው እንጂ ልጁ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ይሄ በየወሩ ነው የሚያጋጥመኝ፣ ለዛ ነው ቁጥሮቹን አንድም ሳይሳሳቱ አትሙልኝ የምለው።

ልጁ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደወለ። የውድድር ሳይክሉን ትቶታል፣ ቀጥ ያለ መሪ ያለው ያገለገለ ሳይክል ገዝቷል፣ ላዩ ላይ ያለው ጎማ 32 ነው፣ ወደ 40 ሊቀይረው ሁለት ጎማ አዟል። ፍሬሙ ያስገባዋል ወይ ስለው አላየሁም አለኝ። ጎማው ሲመጣ ነፍተህ ግጠመው፣ ከዛ ባለ 6 ሚሊ ብሩጎላ ቁልፍ በጎማውና በፍሬሙ መሃል በሁለቱም ጎን አሳልፍ፣ ከላይም አሳልፍ፣ ሳይነካ ካለፈ ጥሩ፣ ከነካ ጭቃ ሲገባበት ጎማው ይቆማልና ወደ 38 ውረድ አልኩት። ጎማው እስከ ሐሙስ ይመጣል ብሏል፣ ስልኬን ከፍቼ እየጠበቅኩት ነው።

ከኮምቦልቻ፣
አንድ ሳይክል ጠጋኝ አንባቢያችሁ