ድሬዳዋ የማን ናት ለሚሉሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን ከመሳም አልቀረችም። እኔም ሙቀቱ ሲበረታ ቀን ቀን እቤት እየዋልኩ፣ አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ወደ ከዚራ ሰፈር ወጣ እላለሁ።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ሁለት ነገር አንስተሽ ነበር። አንደኛው፣ መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ሰዎች «ለመሆኑ ድሬዳዋ የማን ናት?» ብለው ሲጠይቁሽ ዝም ማለትሽ ነው። ሁለተኛው፣ «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ፖለቲካውን ተወውና ዕረፍ» ያልሽኝ ነው። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ ነገሩን አሳደርኩት እንጂ መልስ አጥቼ አይደለም። አሁን እጄ ሳይደክም ሁለቱንም ልመልስልሽ።

እኔ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ታሪኩን ከባቡሩ እጀምራለሁ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ገንዘብ ከአቅም በላይ ስለነበር በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ ከተማችን ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ብዙ ዓመታት ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚህ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል አገር ይቀጥል ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ጉራጌው፣ አደሬው፣ አማራው እዚህ የተሰበሰበው ያን ጊዜ ነው። አያትሽም ከመንዝ ወርዶ በሐዲድ ጥገና ተቀጥሮ፣ ሶማልኛና ኦሮምኛ ለምዶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ተቀበረ።

ይህን ታሪክ ይዘው «ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ስለሆነ ማንም የእኔ ሊላት አይችልም» የሚሉ አሉ። ብዙዎቹ እንደ እኛ ያሉ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ባቡሩ ሲመጣ ምድሩ ባዶ አልነበረም። የኖሌ ኦሮሞ ነበረበት፤ የኢሳና የጉርጉራ ሶማሌ ከብቱንና ግመሉን ያሰማራበት ነበር። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ጀልዴሳ፣ ዛሬ በእኛው አስተዳደር ሥር ያለችው፣ ባቡር ከመታሰቡ በፊት የታወቀች መንገደኛ ማረፊያ ነበረች። ባቡሩ ሌላ መስመር ሲይዝ ነው የተረሳችው። ይህን የማያነሳ ሰው ስለ ድሬዳዋ ሲናገር ጎዶሎ ታሪክ ነው የሚናገረው።

በሌላ በኩል «መሬቱ የአባቶቻችን ስለሆነ ከተማውም የእኛ ብቻ ነው» የሚሉትም ጎዶሎ ነው የያዙት። ከተማ የሚሠራው ከመሬት ብቻ አይደለም። የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ የጥጥ ፋብሪካው፣ ወርክሾፑ፣ የቀፊራ ገበያ፣ የከዚራ ዛፍ የብዙ ሰው ጉልበት አለባቸው። ስለዚህ ለሚጠይቁሽ ሰዎች ያለ ፍርሃት እንዲህ በያቸው፤ ድሬዳዋ ቀድሞ የነበረውም፣ መጥቶ የኖረባትም፣ ዛሬ በእጁ የሚሠራባትም ሕዝብ ከተማ ናት። ከዚህ የተለየ መልስ የለኝም። ይህንንም ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። ወርክሾፑ ውስጥ የመሣሪያውን ስም በፈረንሳይኛ ተምረን፣ በሶማልኛ እየተቀላለድን፣ በኦሮምኛ እየተከራከርን፣ ቃለ ጉባኤውን በአማርኛ እየጻፍን ነው ያረጀነው። እዚያ ሰው የሚታማው በእጁ ሥራ ነበር።

ወደ አሁኑ ፖለቲካ ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ከፍተሽ አንቀጽ 47ን ብታነቢ የክልሎቹ ዝርዝር አለ፤ ድሬዳዋ የለችበትም። አንቀጽ 49 ስለ አዲስ አበባ ነው፤ ድሬዳዋ እዚያም የለችም። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ኦሮሚያም ሶማሌም «የእኔ ናት» ስላሉ ለፌዴራል መንግሥቱ ተጠሪ ሆና ቆየች፤ ቻርተሯ የወጣው በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 416 ነው። ክልሎች ሲጨመሩ፣ ዘጠኙ አሥራ ሁለት ሲሆኑ፣ የእኛ ጉዳይ ካለበት አልተነቃነቀም። ጎረቤታችን ሐረር እንኳ ከጀጎሏ ጋር የራሷ ክልል ናት። በዚህ አልቀናም፤ ሐረር ዕድሜዋም ታሪኳም ይገባታል። የሚያናድደኝ የእኛ ነገር «ለጊዜው» ተብሎ ተጀምሮ የአንድ ሙሉ ትውልድ ዕድሜ መውሰዱ ነው።

በዚህ ጊዜያዊ ኑሮ ውስጥ ያ 40-40-20 የሚባለው አሠራር ገባ። ሥልጣኑና ሥራው ሲከፈል ከመቶ ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለቀረው ሁሉ 20። መቼም ልጄ፣ ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። ሁለቱ ወገኖች ሊጋጩ በተፋጠጡበት ዘመን ለእርቅ የተቆረጠ ድርሻ ነው። ያን ጊዜ ደም ካዳነ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ሲቆጠር ከ341,834 ነዋሪ ውስጥ ኦሮሞው ከመቶ 46 ገደማ፣ ሶማሌው 24 ገደማ፣ አማራው 20 ገደማ ነበር፤ ጉራጌው፣ አደሬውና ሌላው ደግሞ የቀረው ነው። ድርሻው ከማንም ቁጥር ጋር አይገጥምም። እኔ ግን ሒሳቡ ይስተካከልልን የምል ሰው አይደለሁም። ቢስተካከልም ያው ነው። ችግሩ ሰውን በደሙ ከፍሎ ለሥልጣንና ለእንጀራ ማሰለፉ ነው።

የጎረቤታችንን ልጅ ታስታውሻለሽ፤ አባቱ ጉራጌ፣ እናቱ ኦሮሞ የሆኑት። በምህንድስና ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ሲዞር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየትኛው ድርሻ እንደሚቆጠር ጠየቁት። ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ልጅ የሚሰጠው መልስ አጣ። «እናቴን ልካድ ወይስ አባቴን?» በዚያ ቀን እኛ ቤት መጥቶ ሲናገር ፊቱን አይቼ አዘንኩ፤ ተቆጣሁም። ፖለቲካውን ተወው ስትዪኝ ይህን ልጅ ማን ዘንድ ልተወው?

ሌላውንም ወገን ሳልነግርሽ ካለፍኩ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ከወርክሾፕ ጀምሮ አብሮኝ ያለው ጓደኛዬ፣ በገጠራችን በቢዮ አዋሌ ተወልዶ ያደገው፣ በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ ይሞግተኛል። «ድርሻው ከተነሳ ከተማው በድምፅ ብዛት ሁሉን ይወስደዋል፤ የዋሂልን ገበሬ፣ የጀልዴሳን አርብቶ አደር ማን ይሰማዋል? ቋንቋውን ይዞ ቢሮ ሲገባ ማን ያስተናግደዋል?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ከነዋሪው ሢሶ የሚጠጋው በገጠር ነው የሚኖረው፤ የገጠሩ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ኦሮሞና ሶማሌ ነው፤ ከተማው ሲሰፋ መሬቱን የሚያጣውም እርሱ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው፤ ለገጠሩ በምክር ቤት የተጠበቀ ወንበር ይኑር፣ በየቢሮው በኦሮምኛም በሶማልኛም የሚያስተናግድ ሰው ይቀመጥ፣ ነገር ግን ወንበሩ የቦታው ነዋሪ ይሁን፤ የዘር ግንድ አይሁን። በዋሂል የሚኖር ሰው የዋሂልን ጉዳይ ይዞ ይምጣ። ጓደኛዬ እስካሁን አልተስማማልኝም። እኔም አልተውኩትም። ሻይ በወተት እየጠጣን ስንከራከር ወጣቶች ዙሪያችንን ከበው ይሰሙናል፤ ይህም በራሱ ደስ ይለኛል።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። በየመድረኩ «ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ» ተብሎ ይዘፈንና ጭብጨባው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከተማዬን እወዳለሁ፤ የምወዳት ግን ስለማላያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ወጣቶች በዘር ተከፋፍለው ድንጋይ ሲወራወሩ በዚሁ ከተማ ነበርኩ። የፍቅር ከተማ ናት ብሎ ያንን መሸፈን ልጆቻችንን ለሚቀጥለው ድንጋይ ማዘጋጀት ነው። ድሬዳዋ ፍቅር የነበራት አብሮ የሚያውል ሥራ ስለነበራት ነው። ባቡሩ፣ ጥጥ ፋብሪካው፣ ገበያው ሰውን ከጠዋት እስከ ማታ ጎን ለጎን ያቆመው ነበር። አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲህ ግን ለወጣቱ ያ የለውም። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ መጣ፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ እንደ አሮጌው ጣቢያ እንደ ለገሃሬ በዙሪያው ከተማ አልፈጠረም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚህ ተከፈተ። ከልቤ ነው የተደሰትኩት። አሁን የምጠይቀው እዚያ የሚቀጠረው ማን ነው፣ በምን መመዘኛ ነው የሚለውን ነው፤ ደጋግሜም እጠይቃለሁ።

ደግሞስ ፖለቲካ ማለት ለእኔ ወንበር ማካፈል ብቻ መቼ ሆነ? ደቻቱ ነው ፖለቲካ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ወንዙ ሞልቶ መጥቶ ከ250 በላይ ሕይወት ወሰደ። እዚህ ያን ያህል ዝናብ ስላልነበረ ማንም አልጠረጠረም፤ ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ባለው ተራራ ነው። ያ ተራራ ደግሞ የኦሮሚያ ነው፤ የእኛ አስተዳደር ዛፍ ልትከልበት ቢል እንኳ ሥልጣን የለውም። እንግዲህ ተመልከች፤ ሁለቱ ክልሎችና ድሬዳዋ ተቀምጠው ስለ ወሰን ከሚጨቃጨቁ ስለዚያ ተራራ እርከን፣ ስለ ችግኙ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው አንድ ውል ቢያስሩ ስንት ሰው በሰላም ያድራል? ወንዙ በጋውን ሙሉ ደርቆ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል። ዛሬም ዳርቻው ላይ የሚኖሩ አሉ። እኔ ክረምት በገባ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም።

ውኃውም እንደዚሁ። ከሳቢያን ጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የማንቆርቆሪያችንን ውስጥ በሆምጣጤ ስታጥቢ ነው ያደግሽው። ከተማው በዚህ ፍጥነት እየሰፋ የከርሰ ምድሩ ውኃ እስከ መቼ ይበቃናል? ለምርጫ የሚቀርብ ሰው ሁሉ ይህን መመለስ አለበት። የኮሪደር ልማቱን የእግረኛ መንገድ አልነቅፍም፤ ለእንደኔ ላለ ሽማግሌ ተመችቶኛል። ነገር ግን መብራትና አበባ ከማየቴ በፊት ቧንቧ ከፍቼ ውኃ ላግኝ።

በፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ያለን ወንበር 2 ብቻ ነው። ሁለት ሰው እንኳ ቆርጦ ቢናገር ይበቃ ነበር። ብሔራዊ የምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ሲቋቋም ብዙ ሰው ከንቱ ነው ብሎ ተወው፤ እኔ ግን የድሬዳዋ ጉዳይ በጽሑፍ የሚቀርብበት ማንኛውም በር እንዳይዘጋ እፈልጋለሁ። በሰሜን የሆነውን ጦርነት አይተናል። ፕሪቶሪያ ላይ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት የመጣው ስንት ወጣት ካለቀ በኋላ ነው። መነጋገር ይረዝማል፣ ያሰለቻልም፤ ቢሆንም ከጦርነት እርሱን እመርጣለሁ።

ስለ ኑሯችን ጠይቀሽኝ ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጡረታው ወር አያደርስም፤ የመድኃኒት ዋጋ በተለይ ከብዷል። አንቺ የምትልኪው ይደግፈናልና አትጨነቂ፤ እናትሽም ዘይቱንና ስኳሩን አብቃቅታ ታኖረናለች።

ልጆቹን በታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ይዘሻቸው ነይ። በባቡሩ ነይ፤ ከጣቢያው እኔ እቀበላችኋለሁ። ትልቁ ልጅሽ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ሲጠየቅ «የአዲስ አበባ» እንደሚል ሰምቻለሁ፤ መብቱ ነው፣ የተወለደው እዚያ ነው። አንቺ ግን የድሬዳዋ ነኝ በይ፤ ጠይም ፊትሽን ቀና አድርገሽ በይ። ሲመጣ ወርክሾፑንም፣ ጀልዴሳንም አሳየዋለሁ፤ ጓደኛዬንም ቢዮ አዋሌ ድረስ ሄደን እንጠይቀዋለን።

በሚቀጥለው ሳምንት በቀበሌያችን የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ። ከላይ የጻፍኩልሽን ስለ ገጠሩ ወንበርና ስለ ደቻቱ ተራራ አንድ ገጽ አድርጌ አዘጋጅቻለሁ፤ ጓደኛዬም የእርሱን ተቃውሞ ጽፎ ይመጣል። ሁለታችንም እንናገራለን። የሆነውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ።

አባትሽ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን