ለእናታችን ሐኪሞች፣ ነርሶችና ደም ለጋሾች የቀረበ ምስጋና

ወላጅ እናታችን ባለፈው ጥር ወር አንድ እሑድ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ተመልሰው ሠራተኛ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ቁርስ ላይ ሳሉ፣ «እንዲህ ያለ ፍልጠት በዕድሜዬ አላየሁም» ብለው ራሳቸውን እንደያዙ ወደቁ። በመጀመሪያ የሄድንበት የሕክምና ተቋም የደም ግፊት ነው ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ መለሰን። ሕመሙ ስላልተዋቸው በዚያው ዕለት ማታ ሌላ ሆስፒታል ወሰድናቸው። እዚያ ያገኘናቸው ወጣት ተረኛ ሐኪም የቀኝ ዐይናቸው ቆብ በትንሹ መውደቁንና ብሌኑም ከግራው መስፋቱን አስተውለው፣ ሳይውል ሳያድር ሲቲ ስካን እንዲነሡ አደረጉ። እኛ ልጆቻቸው ያንን የዐይን መክደን ከድካም ቆጥረን አልፈነው ነበር።

ምርመራው በአንጎላቸው ዙሪያ ደም መፍሰሱን፣ ቀጥሎ የተነሡት የደም ሥር ምርመራም ሐኪሞች አንዩሪዝም የሚሉት፣ የደም ሥር ግድግዳ ሲሳሳ እንደ ፊኛ የሚነፋ እብጠት፣ በሦስት ቦታ መኖሩን አሳየ። ቆቡ የወደቀው የፈነዳው እብጠት ዐይንን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ስለተጫነው ነበር። አንድ ጊዜ የደማ እብጠት ዳግም የመድማት አደጋው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከፍተኛ መሆኑን ሲነግሩን፣ ተረኛው ሐኪም ያስተዋሉት ነገር ምን እንዳተረፈልን ገባን።

የቀዶ ሐኪሞቹ ቡድን የደማውንና በዚያው በቀኝ በኩል የነበረውን ሁለተኛውን እብጠት በአንድ ቀዶ ሕክምና፣ በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ፣ እብጠቶቹ ከደም ሥሩ በሚነሡበት ጠባብ አንገት ላይ በታይታኒየም ክሊፕ ዘጋቸው። በግራ በኩል ያለውን 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሦስተኛውን ግን ለጊዜው ከመንካት መከታተል እንደሚሻል በትዕግሥት አስረዱን፤ እኔ በበኩሌ፣ ለመተው የወሰኑበትን ጥንቃቄ ከሠሩት ሥራ አሳንሼ አላየውም።

የደም ሥሮቻቸው ጠብበው አንጎላቸው እንዳይጎዳ የታዘዘላቸውን ኒሞዲፒን በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጭምር፣ ለ21 ቀናት ሳያጓድሉ የሰጧቸውን ነርሶች፣ ገንዘብ አሰባስበው የደረሱልንን የእድራችንን አባላትና እኛን አስታማሚዎችን ተራ ገብተው ያሳረፉንን ጎረቤቶቻችንን እግዚአብሔር ይስጥልን።

የእናታችን ዐይን በሦስተኛው ወር ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ደም ሰጥታችሁ ስማችሁን ሳትነግሩን የሄዳችሁ አራት የአምስት ኪሎ ተማሪዎች ይህን ካነበባችሁ፣ እናታችን በዐይናቸው አይተው ሊመርቋችሁ ይሻሉ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም አታጧቸውም።